ኬሞ ይሻላል ወይስ ንቅለ ተከላ? ስለ ሊምፎማ ለአክስቴ የነገርኳት

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «አንተ ታነባለህ፣ እስቲ ንገረኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሊምፎማ ነው ተብሎ ኬሞ ጀምሯል። አጎቶቹ ደግሞ ‹ኬሞ ምን ያደርጋል፣ ንቅለ ተከላ ነው የሚያድነው› ብለው ህንድ ሊወስዱት ብር እያሰባሰቡ ነው። የቱ ነው የሚሻለው?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በየቴሌግራሙ የሚዞሩት የእርዳታ ጥሪዎችም ነገሩን እንዲሁ ነው የሚያቀርቡት። ኬሞ የድሃ፣ ንቅለ ተከላ የሀብታም መድኃኒት ተደርጎ ይወራል። አንዱ ደካማ፣ ሌላው ብርቱ። ግን የስቴም ሴል (የደም እናት ሴል) ንቅለ ተከላ የኬሞ ተቃራኒ አይደለም። እሱ ራሱ ኬሞ ነው፤ ያውም ከሁሉም የከበደው ኬሞ። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሊምፎማ ምንድን ነው?

እግሩ ቆስሎ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ያልወጣበት የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። ንፍፊቱ የሚያብጥበት ቦታ የሰውነት የጥበቃ ኬላ ነው። ኬላው አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ አለ። ደረትና ሆድ ውስጥም አለ። እዚያ የሚቆሙት ዘቦች ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ጀርም ሲመጣ ይበዛሉ፣ ኬላው ያብጣል፣ ያማል። ቁስሉ ሲድን እብጠቱም ይጠፋል።

ከእነዚህ ዘቦች አንዱ ሕግ አልገዛም ብሎ ያለማቋረጥ መባዛት ሲጀምር ካንሰር ይሆናል፤ ሊምፎማ ይባላል። እብጠቱ ይመጣል፣ ግን አይመለስም። ብዙ ጊዜም አያምም። አለማመሙ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሆጅኪን በ1832 የገለጸው በስሙ ይጠራል። ሌላው ሁሉ «ሆጅኪን ያልሆነ» ተብሎ በጅምላ ይጠራል፤ ስም ማውጣት የሰለቻቸው ይመስላል። ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚያድግ አለ፤ በሳምንታት ውስጥ የሚፈነዳም አለ። ከፈጣኖቹ በጣም የሚበዛው ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማ የሚባለው ነው። እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ እሱ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከመዳን አንጻር ፈጣኑ ከዝግተኛው የተሻለ ዕድል አለው። ኬሞ የሚያገኘው የሚባዛን ሴል ነው። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ዝግተኛው ግን አድፍጦ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ አብረውት ይኖራሉ እንጂ ከሥሩ አይነቅሉትም።

ነቀርሳ ሲባል የትኛው ነው?

ችግራችን ከስሙ ይጀምራል። አማርኛችን ካንሰርንም ቲቢንም «ነቀርሳ» ይላል። በሽታዎቹም ይመሳሰላሉ። የንፍፊት ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። አንገት ላይ ያብጣል፣ ያተኩሳል፣ ሌሊት ያልባል፣ ያከሳል። ሊምፎማም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የአንገት እብጠት ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው መጀመሪያ ቲቢ ነው ቢባል አይገርምም። ብዙ ጊዜም ትክክል ነው።

የሚያስፈራው፣ መድኃኒቱ ተጀምሮ እብጠቱ እያደገ ወራት ሲነጉዱ ነው። የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ እብጠቱ የጨመረ፣ ወይም ሌላ ቦታ አዲስ ያወጣ ሰው ናሙና ይወሰድልኝ ማለት አለበት። ናሙናውም በቀጭን መርፌ ከተቀዳች ጠብታ ይልቅ ንፍፊቱ ሙሉውን ወጥቶ ቢታይ ይመረጣል። የሊምፎማ ዓይነት የሚለየው በሴሎቹ መልክ ብቻ ሳይሆን በአደራደራቸውም ነው። በመርፌ የተቀዳ ናሙና አደራደሩን አያሳይም። ዓይነቱ ሳይለይ ስለ ሕክምና ማውራት ዘሩን ሳያዩ ስለ አጨዳ ማውራት ነው።

መደበኛው ኬሞ ምን ያደርጋል?

ስሙ ቾፕ ይባላል። የአራት መድኃኒቶች የስማቸው መነሻ ፊደሎች ናቸው፤ የሁለቱ ፊደል የመጣው ከሌላ ስማቸው ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር ይሰጣሉ። አራተኛው ፕሬድኒሶን በኪኒን ለ5 ቀን ይዋጣል። ከዚያ ዕረፍት። በየ21 ቀኑ እንደገና። ብዙውን ጊዜ 6 ዙር ነው።

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው። በማግስቱ ሽንት ቀይ ይሆናል፤ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል። ልብንም ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት ልብ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቪንክሪስቲን ጣት ያደነዝዛል፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሳይቀር ያስቸግራል፤ ሆድም ያደርቃል። ሳይክሎፎስፋማይድ የሽንት ፊኛን ስለሚያስቆጣ ውሃ በደንብ መጠጣት ይፈልጋል። ፕሬድኒሶን ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ለምን 6 ጊዜ? ለምን በአንዴ አይገላግሉትም? እዚህ ላይ የጎጃም ገበሬ ከእኔ የተሻለ ያስረዳል። የጤፍ ማሳ አንዴ ታርሶ አይዘራም። አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል። መጀመሪያ ሲታረስ የበቀለው አረም ይገለበጣል። ዝናብ ሲዘንብ መሬት ውስጥ የተደበቀው ዘር ይበቅላል፤ እንደገና ማረሻ ይገባል። ኬሞም እንዲያ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሳይባዛ ተኝቶ ያመለጠው ሴል በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ይያዛል።

ማረሻው ግን ሰብልና አረም አይለይም። የሚባዛውን ሁሉ ይገለብጣል። ፀጉር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ ይጎዳል። ሦስቱ ሳምንት መቅኔው ነፍስ የሚዘራበት ጊዜ ነው። ካጠረ ታማሚው ይጎዳል። በጣም ከረዘመ አረሙ ያንሰራራል።

ቾፕ አሮጌ ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ። ከእሱ በኋላ መድኃኒቱን ያበዙ፣ ያከበዱ አዳዲስ ቅንብሮች መጡ። በ1993 ውጤቱ የወጣ የአሜሪካ ጥናት 899 ታማሚዎችን ይዞ ቾፕን ከሦስት ከባባድ ቅንብሮች ጋር አወዳደረ። በሕይወት በመቆየት በኩል ልዩነት አልተገኘም። የቾፕ ጉዳቱ ግን ያነሰ ነበር። የከበደ ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ በዚህ በሽታ ደጋግሞ ታይቷል።

እውነተኛው እመርታ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት በ1997 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኬሞ አይደለም። ቢ-ሴል በሚባሉት ሊምፎሳይቶች ላይ ብቻ ያለ ምልክት ፈልጎ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በ2002 የወጣው የፈረንሳዮቹ ጥናት ከ60 እስከ 80 ዓመት ባሉ 399 ሰዎች ላይ ሞከረው። ከ2 ዓመት በኋላ ቾፕ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 57ቱ በሕይወት ነበሩ። ሪቱክሲማብ ከተጨመረላቸው ከመቶ 70ው። ዛሬ መደበኛ የሚባለው ይህ ጥምረት ነው፤ አር-ቾፕ ይሉታል። በሙሉ በተሰጠባቸው አገሮች ከ10 ታማሚዎች 6 ያህሉ በዚህ ብቻ ይድናሉ። ንቅለ ተከላ ሳይታሰብ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። ሪቱክሲማብ የተኛ ሄፓታይተስ ቢን (የጉበት ቫይረስ) ሊቀሰቅስ ይችላል። በእኛ አገር ቫይረሱን ሳያውቀው ተሸክሞ የሚዞር ብዙ ሰው ስላለ የደም ምርመራው ቀድሞ መሠራት አለበት። መርሳት አይገባም።

ታዲያ የሚተከለው ምንድን ነው?

«ንቅለ ተከላ» ሲባል የእኛ ሰው የሚያስበው ኩላሊት ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ። ቢላዋ፣ ለጋሽ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል። ለሊምፎማ የሚደረገው ግን ከዚህ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው። ቢላዋ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ለጋሽም የለም። የሚተከለው የራሱ የታማሚው ሴል ነው።

ነገሩን ለአክስቴ በእርሾ አስረዳኋት።

ሊጥ የተበላሸበት ቡሃቃ አለ እንበል። ሻጋታው ዕቃው ላይ ቀርቷል። ለብ ባለ ውሃ ታጠበ፣ አልለቀቀም። የፈላ ውሃ ቢደፋበት ይለቅ ነበር። ግን የፈላ ውሃ እርሾውንም ይገድላል። ያለ እርሾ ደግሞ የነገው ሊጥ አይነሣም። ብልህ ሴት ምን ታደርጋለች? ጥቂት እርሾ በንጹሕ ዕቃ ለይታ ታስቀምጣለች። ከዚያ ቡሃቃውን በፈላ ውሃ ትለቀልቃለች። ሲቀዘቅዝ እርሾውን ትመልሳለች።

ቡሃቃው ሰውነት ነው። ሻጋታው ካንሰሩ ነው። የፈላው ውሃ በጣም ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞ ነው። እርሾው ደግሞ ስቴም ሴል ነው፤ መቅኔ ውስጥ የሚኖርና ቀዩንም ነጩንም የደም ሴል የሚወልድ የሁሉ እናት። ልብ በሉ፣ ሻጋታውን የሚያጠፋው እርሾው አይደለም። የፈላው ውሃ ነው። የተከላው ሥራ ከውሃው በኋላ ሰውየውን ማትረፍ ነው። «ስቴም ሴሉ ካንሰሩን በላው» የሚሉ ጽሑፎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

በተግባር እንዲህ ይሄዳል። ለጥቂት ቀናት ስቴም ሴሎቹ ከመቅኔ ወደ ደም እንዲወጡ የሚያነቃቃ መርፌ ይሰጣል። አጥንት ያሳምማል። ከዚያ ደሙ ከአንድ ክንድ ወጥቶ በማሽን ያልፋል፣ ስቴም ሴሉ ተለይቶ ይቀራል፣ ቀሪው ይመለሳል። በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሴል ይፈለጋል። የተሰበሰበው እጅግ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ይቀመጣል። ቀጥሎ ለስድስት ቀን ያህል ከባዱ ኬሞ ይሰጣል። በመጨረሻ የተቀመጠው ሴል ቀልጦ እንደ ደም በደም ሥር ይገባል። ተከላው ይኸው ነው፤ ሰዓትም ላይፈጅ ይችላል። ሴሎቹ መቅኔውን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። ሴሉን ከቅዝቃዜ የሚጠብቀው ኬሚካል ክፍሉን ሁሉ ያሸታል። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ ይላል፣ ሌላው የተቀቀለ በቆሎ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ፈተናው። አዲስ ነጭ ሴል እስኪበቅል ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት ኬላው ላይ ዘብ የለም። አፍ ይቆስላል፣ ምግብ አይገባም፣ ትንሽ ጀርም ትልቅ በሽታ ትሆናለች። ደም ይለገሳል፣ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ጥሩ ማዕከላት ውስጥ በሕክምናው ምክንያት የሚሞተው ከ100 ሰው ከ5 ያነሰ ነው። ትንሽ ቁጥር ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ወጣቶች ሌላም መጠየቅ ያለባቸው ነገር አለ። ይህ ኬሞ መውለድን ሊያስቀር ይችላል። ጥያቄው መነሣት ያለበት ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሁለቱ ሲወዳደሩ ምን ተገኘ?

መልሱ «መቼ?» የሚል ጥያቄ ውስጥ ነው።

ካንሰሩ ላገረሸባቸው የቀረበው ዋናው ማስረጃ ፓርማ የሚባለው ጥናት ነው። ውጤቱ በ1995 ወጣ። ሊምፎማቸው ያገረሸ 215 ሰዎች መጀመሪያ ሁለት ዙር ሌላ ዓይነት ኬሞ ወሰዱ። በዚያ እብጠታቸው ከቀነሰው መካከል 109ኙ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በተለመደው ኬሞ ቀጠሉ፣ ግማሾቹ ወደ ንቅለ ተከላ ሄዱ። ከ5 ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቆዩት በኬሞው ወገን ከመቶ 12፣ በተከላው ከመቶ 46 ነበሩ። በሕይወት ያሉት 32 እና 53። ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ታዲያ ለሁሉም ከመጀመሪያው ለምን አይሰጥም? ይህም ተሞክሯል። በ2013 የወጣ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት በሽታው ከባድ ነው የተባሉ ሰዎችን ይዞ፣ ለመጀመሪያው ኬሞ መልስ የሰጡትን 253 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ወዲያው ንቅለ ተከላ፣ ለሌላው ኬሞ ብቻ። ከ2 ዓመት በኋላ በሽታው ሳይብስባቸው የቆዩት በተከላው 69፣ በኬሞው 55 ከመቶ ሆኑ። ጥሩ ይመስላል። በሕይወት ያሉት ሲቆጠሩ ግን 74 እና 71። ይህች ልዩነት በአጋጣሚም ልትመጣ ትችላለች። ልዩነቱ የጠበበው ከኬሞው ወገን ያገረሸባቸው አንዳንዶቹ በኋላ ተከላውን ስላገኙ ነው። ያላገረሸባቸው ደግሞ ከነጭራሹ ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል።

ትርጉሙ ይሄ ነው። ከመጀመሪያው ለሁሉም ቢሰጥ፣ በአር-ቾፕ ብቻ ሊድኑ የሚችሉት ከ10 6ቱ ሰዎች በከንቱ የፈላ ውሃ ይደፋባቸዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ተከላውን ካንሰሩ ላገረሸበት ጊዜ ያቆዩታል።

አንድ ነገር ላይ ግን ሰው ይከፋዋል። ኬሞ ጨርሶ እምቢ ያለው ካንሰር በተከላ ብዙም አይረታም። ፓርማ ላይ ዕጣ የወጣላቸው እብጠታቸው የቀነሰላቸው ብቻ መሆናቸውን አስተውሉ። የተከላው ጉልበት ያው ኬሞ ነው። ለ2 ማንኪያ ምንም ያልመለሰ ካንሰር ለ10 ማንኪያ እሺ ይላል ማለት ከባድ ነው። ለእነዚህና በአንድ ዓመት ውስጥ ላገረሸባቸው ሰዎች አሁን ሌላ መንገድ መጥቷል። የታማሚው ሊምፎሳይት ወጥቶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ካንሰሩን እንዲለይ ተሠልጥኖ ይመለሳል። ካር-ቲ ይባላል። በ2022 የወጣ ጥናት በእነዚህ ሰዎች ላይ ከተከላው መንገድ በልጦ አግኝቶታል። ዋጋው እጅግ ውድ ስለሆነ ወሬውን እዚህ ላቁመው።

የእህት ወይም የወንድም ቢሆንስ?

እርሾ ከጎረቤት መበደርም አለ። ከሌላ ሰው የተወሰደ ስቴም ሴል መትከል ይቻላል። ጥቅሙ፣ አዲሱ ሠራዊት የቀረውን ካንሰር ራሱ ማሳደዱ ነው። ጉዳቱ፣ የተቀባዩንም አካል እንደ ባዕድ ሊወጋ ይችላል፤ ቆዳ፣ አንጀት፣ ጉበት። በዚህም የሚሞት አለ። ስለዚህ ለዚህ ሊምፎማ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመረጠው የራስ ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። 5 ወንድምና እህት ያለው ሰው ቢያንስ አንድ የሚገጥም የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 76 ይደርሳል። የወላድ ቤት በዚህ አይታማም።

ከጎጃም ሆኖ ሲታይስ?

በጥናት ወረቀት ላይ «በየ21 ቀኑ» ማለት ቀላል ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ መሐል ላይ የአባይ በረሃ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቅርብ የሚሆንለትም መንገድ ሲዘጋ ያው ነው። የማውቃቸው ሰዎች ዙር የዘለሉት ባለማወቅ አልነበረም። መኪና አጥተው፣ መድኃኒቱ ጠፍቶ፣ ወይም ብር አልቆ ነው።

ለዚህ ነው ለአክስቴ ስለ ብሩ በግልጽ የነገርኳት። ልጁ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። የሊምፎማው ዓይነት ያወራሁት ከሆነ፣ የተሰበሰበው ብር መጀመሪያ የሚውለው ሪቱክሲማቡን ለመግዛት፣ 6ቱ ዙር ሳይቆራረጥ እንዲያልቅ፣ ለማደሪያና ለመጓጓዣ ነው። ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ ሲቲ ስካን ይነሣል። ያኔ እብጠቱ ከጠፋ ህንድ የሚባል ነገር የለም። ካገረሸ ደግሞ ሰውነቱ ሳይደክም ስለ ተከላው በፍጥነት መጠየቅ ይገባል፤ ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት ካልቻሉ ብር ቢኖርም አይሠራምና። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የሚያክመው ሐኪም ነው።

ቤት ውስጥ ያለውም ቀላል አይደለም። ኬሞው በገባ በሳምንቱና በሁለተኛው ሳምንት ነጭ ሴል ይወርዳል። በእነዚያ ቀናት ትኩሳት 38 ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ቁርጥና ክትፎ ይቅር። ያልፈላ ወተት ይቅር። ያልፈላ ውሃ ሁሉ ያሰጋል፤ ጠበል የሚጠጣም ሰው ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገርበት። ጾሙንም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከብደው የጠያቂው ነገር ነው። የእኛ ሰው በሽተኛ ሳይጠይቅ አያድርም። ጉንፋን የያዘው ግን በስልክ ይጠይቅ። አክስቴ ይሄን ስነግራት «እሱንስ በሩ ላይ ቆሜ እመልሳለሁ» አለች። ትችላለች።

ልንሰነባበት ስንል ዝም አለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ቆይ፣ እርሾው ራሱ ሻጋታው ገብቶበት ቢሆንስ?»

ተመራማሪዎቹንም ያሳሰባቸው ይኸው ነበር። ተለይቶ የተቀመጠው ስቴም ሴል መሐል የተደበቀ የካንሰር ሴል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሴሉ የሚሰበሰበው ኬሞው ሠርቶ እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ ነው። ከተከላ በኋላ በሽታው የሚመለስባቸውም አብዛኞቹ ላይ የሚመለሰው ዱሮ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ቡሃቃው ውስጥ ከቀረው እንጂ ከእርሾው አይደለም።

«እኔም እንዲያ ነው የጠረጠርኩት» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ወደ ጎረቤቷ ልትሄድ።